የሣህለ ማርያም አርባ ገጽ

አንዲት ቃል ብጨምርበት፣ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ እስክቀር የቆጠርኳት ፊደል ትጥፋብኝ፤ የምነግራችሁ ሁሉ የሆነ ነው።

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቀያሾች ቀላድ የሚሉትን የመለኪያ ገመድ ይዘው ቢቸና ዙሪያ ገቡ። የጎረቤቴ የእትዬ ፈንታነሽ ማሳ ለአዲሱ ግብር ማክሰኞ ሊለካ ተባለ። ባል የሞተባቸው፣ ከዚያች ርስት ሌላ ምንም የሌላቸው ሴት ናቸው። ሰኞ ጧት አገሬው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ከእሳቸው ጋር እንቁም ወይስ ብቻቸውን እንተዋቸው? ጉዳዩ ይኸው ነበር።

ሣህለ ማርያም የሚባል አስተማሪ ሊረዳን ከሞጣ መጣ። እርዳታው አርባ ገጽ ንግግር ነው። "በሰው ላይ አለቃ ሊኖር አይገባም፤ ሁሉም እኩል ይናገር" ብሎ ጀመረና እስከ ቀትር ብቻውን ተናገረ። የባዕድ አገር ቃል ሲያላምጥ ከንፈሩ ዳርና ዳር አረፋ ይሰበሰባል።

የእኛ ደግሞ ባሰ። ከወረቀት ሲነበብ የምናውቀው ወንጌል ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ዱላውን ተደግፎ ቆመ፣ ትንፍሽ ያለ የለም። እሱ ዝምታችንን አይቶ ደስ አለው፤ ገጽ ገለጠ።

"እትዬ፣ ይናገሩ እንጂ" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ንባብ ሳያልቅ ማን ይናገራል፣ አንተ ቀላል?" አሉኝ።

ወንጌል ሲያልቅ መሳለም ነው። እንግዲያው እኔ ላስጨርሰው ብዬ ወጣሁና ወረቀቱን ተሳለምኩ።

"ምን መሆንህ ነው?" አለኝ አስተማሪው።

"ሰው ተሰልፏል፣ ጋሼ። አይከልክሉ።"

አገሬው ተከተለኝ። አቶ ወልደ ኪዳን የሚባሉት ሽማግሌ አንዱን ገጽ ለበረከት ብለው ጥምጣማቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ያየ ሁሉ እንደሳቸው አደረገ። አስተማሪው ባዶ እጁን ቀረ።

"አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበርን እኮ" አለ።

"ቁጭ በል ልጄ፤ ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ" አሉት አቶ ወልደ ኪዳን። "በይ ፈንታነሽ።"

"ነገ ከእኔ ጋር ማን ይቆማል?" አሉ እትዬ። ሌላ አልጨመሩም።

"እኔ አለሁ" አለ ውበቴ የሚባል ገበሬ። "ዱላ ልያዝ?"

"አንተ ምላስህን ያዝ፤ እሱ ይበቃል" አሉት አቶ ወልደ ኪዳን።

ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁ በኋላ ሁሉም በየተራው ተናገረ።

ማክሰኞ እርጥቡ ማሳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ተቀመጥን። ቀያሾቹ ቀላድ የሚጥሉበት ቦታ አጡና ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሣህለ ማርያምም ከመካከላችን ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ዝም ብሎ።

እሺ፣ ይቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት። እሱ ሰኞውኑ ገጾቹን ከየሰው ጥምጣም ለቃቅሞ ወደ ሞጣ ተመልሷል።