ለግጥም የተላከ ሽማግሌ

ሽማግሌ የሚላከው ለሁለት ነገር ነው፤ ልጅ ለመጠየቅ፣ አለዚያም የተጣላ ለማስታረቅ። ባለፈው ዐቢይ ጾም እኔ፣ አቶ ገሠሠ እና ሐጂ ነስረዲን እዚህ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን የሚባል ከተማ ድረስ የሄድንበት ጉዳይ ግን ከሁለቱም አይደለም። የሄድነው ስለ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ግጥም ነው። አትሳቁ ልጆቼ፤ ልንገራችሁ።

ቢታንያን ያሳደግኋት እኔ ነኝ ብል እናቷ ሔለን አትቀየመኝም። ክላርክስተን በሚባል ከተማ አፓርታማ ውስጥ በር ለበር ስንኖር፣ ሔለን የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ፣ አባቷ ጥሩሰው ታክሲ ሲነዳ፣ ልጅቷ የምትውለው እኔ ጋ ነበር። ያኔም አፏ አያርፍም። ስትበላም፣ ስትታጠብም፣ ካልሲ ስታጠልቅም ታንጎራጉራለች። ዛሬ ቤት ገዝተው ስቶን ማውንቴን ገብተዋል። ጥሩሰው ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ እሷ ኮሌጅ ገብታ ድምፅ ታጠናለች። ድምፅ ደግሞ ይጠናል ወይ? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ይጠናል።

አንድ ቀን ከክላስ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ ዳዲን ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። አልመጣም አለ።»

«የት?»

«ሪሳይታሌ ነዋ! መመረቂያዬ። ብቻዬን መድረክ ላይ ቆሜ የምዘፍንበት። በሁዳዴ ዘፈን አልሰማም አለ። ልጄን አዝማሪ ላደርግ አይደለም አሜሪካ የመጣሁት አለ።»

«ከፋሲካ በኋላ አድርጊዋ።»

«ቀኑን የሚሰጠው ኮሌጁ ነው እኮ። እማማ፣ እሱ ከሌለ ለማን ነው የምዘፍነው?»

ዓይኗ ሞላ። እኔም ወሬ ላስቀይራት ብዬ፣ ምንድነው የምትዘፍኚው አልኳት። የድሮ የእንግሊዝ ግጥም ነው አለች። ገጣሚው ይጽፍና ይሞታል። ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ሙዚቀኛ ያገኘዋል፣ ይወደዋል፣ ዜማ ይሠራለታል። ቃሉን አይነካም፤ ዜማውን ብቻ ያለብሰዋል።

«ሳያስፈቅደው?»

«ሞቷል እኮ እማማ!»

«ቤተሰቡንስ?»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ አንዱን ግጥም በዚያ ተሰባባሪ አማርኛዋ ነገረችኝ፤ የጎደለውን እኔ እየሞላሁ። አንድ ያረጀ ገበሬ ደጁ ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያናግረዋል። «አንተ ዘንድሮም እንደ አምናው ሆነህ መጣህ፤ እኔ ግን የአምናው አይደለሁም። ወደ እኔ ማሳ አትቸኩል። መጀመሪያ ጎረቤቴ ጋ ውረድ፤ እሱ ልጆች አሉት። እኔ የሚተርፍህ ይበቃኛል» ይላል። ይኸው ነው ግጥሙ።

ይህን ግጥም ሁለት ሙዚቀኞች በተለያየ ዘመን አግኝተውታል። አንዱ ለቅሶ አድርጎታል፤ አንዱ ደግሞ ምርቃት። እሷ ሁለቱንም ትዘፍናለች። እዚያው ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ አሰማችኝ። ቃሉ ያው ነው፤ እንግሊዝኛውም ለእኔ ያው ነው፤ በመጀመሪያው ግን ሆዴ ባባ፣ በሁለተኛው ተነሺ ተነሺ አለኝ።

«እንግዲህ ምን ይሻልሻል?» አልኳት።

«ሰው እምቢ ሲል ሽማግሌ አይደል የሚላክበት? ላኪልኝ።»

«ለዘፈን?»

«ለእኔ።»

እንግዲህ ይህን ብላኝ ምን እላለሁ?

አቶ ገሠሠን ጠራሁ። ጡረታ እስኪወጣ ፓርኪንግ ሲያስከፍል የኖረ፣ ቀልድ ካላወራ የሚያመው ሰው ነው። ሐጂ ነስረዲንንም ለመንኩ። ሐጂ ክላርክስተን ሥጋ ቤት አላቸው፤ የተጣላ ሁሉ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ጥሩሰው መንጃ ፈቃድ ያወጣው በእሳቸው መኪና ተለማምዶ ስለሆነ፣ እሳቸው ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም።

ያን ጊዜ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገጥመው ነበር። ጥሩሰው ኦፍ በሆነበት ቀን፣ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር፣ ሦስት ጾመኞች ነጠላችንንና ጋቢያችንን ለብሰን በሩን አንኳኳን።

ከፍቶ ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ። ሦስት ሽማግሌ፣ በነጭ ልብስ፣ ሳይደውሉ! ግቡ ግቡ አለ። ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም አልን፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ለመነን፣ ተቀመጥን። አቶ ገሠሠ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመጣነው በልጅህ ጉዳይ ነው።»

ጥሩሰው ሔለንን አየ። ሔለን ሁሉን ታውቃለች፤ ጣሪያውን አየች። እሱም ቀስ ብሎ ቁጭ አለና እንደ አባት ተስተካከለ።

«ልጁ ማነው?»

እኔ አይደለም ልል አፌን ስከፍት አቶ ገሠሠ ቀደመኝ።

«እንግሊዝ ነው።»

«ይሁን። ሃይማኖቱስ?»

«ክርስቲያን ሳይሆን አይቀርም።»

«ሥራውስ?»

«ገጣሚ ነበር።»

«ነበር? አሁን ምን ሆነ?»

«ሞተ። ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል።»

ሔለን አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ኩሽና ሮጠች። ሐጂ እንኳ ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። ጥሩሰው ግን ገባው፤ ሲገባው ደግሞ ፊቱ ተዘጋ።

«የሪሳይታሉ ነገር ነው። እናንተን የሚያህል ሰው ለዘፈን ይላካል? በጾም?»

«እሺ እስክትል እህል ውሃህን አንቀምስም!» አለ አቶ ገሠሠ፣ በልማድ።

«ጋሼ፣» አለ ጥሩሰው፣ «ጾም ነው እኮ። ማን አቀረበልዎት?»

የሽማግሌ መሣሪያው ይህችው ናት፤ እሷም ዋጋ አጣች።

ሐጂ ቀስ ብለው ገቡበት። «እኛ ጋ መንዙማ አለ። ቃሉ ድሮ ያለፉ ሼኽ የተናገሩት ነው፤ ዛሬ የሚያዜመው ትናንት የተወለደ ልጅ ነው። ሼኹ ሞተዋል ብሎ የሚተወው የለም። የልጅህም እንደዚያ ነው።»

«መንዙማ ለፈጣሪ ነው ሐጂ። ይኼ ስለ ምንድነው? ስለ መሳሳም?»

«ስለ ዝናብ ነው» አልኩት፤ ነገርኩትም። ሽማግሌውን፣ ደጁን፣ ማሳውን፣ ጎረቤቱን። ጥሩሰው የገበሬ ልጅ ነው፤ ዝናብ መጠበቅ ምን እንደሆነ አስረዱኝ አይልም።

«መጀመሪያ ጎረቤቴ ጋ ውረድ አለው?»

«ልጆች አሉት ብሎ።»

«ደግ ሰው ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «ግን ጾም ነው» አለ።

ይኼኔ ሔለን ከኩሽና፣ «ጾሙን ምክንያት አታድርገው ጥሩሰው። የፈራኸውን ንገራቸው» አለችው።

ጥሩሰው መዳፉን አየ፣ አገላበጠው።

«እትዬ፣ የእኔ እንግሊዝኛ ሻንጣና ተርሚናል ነው። እዚያ አዳራሽ ሁሉም ሲገባው፣ ሲስቅ፣ ሲያዝን፣ እኔ እንደ ግንድ ተገትሬ ልታየኝ ነው? ከመድረክ ላይ ሆና፣ አባቴ አንድ ቃል አልገባውም ትበል?»

እኔ ስለ ጾም፣ ስለ አዝማሪ የሚመለስ ነገር ነበር በመንገድ ላይ የሰበሰብኩት። ቁጭ ባልንበት መስኮቱ እየደበዘዘ መጣ። ሔለን ተምርና ውሃ ይዛ መጥታ ሐጂ ፊት አስቀመጠች፤ ክላርክስተን እያለን የለመደችው ነው።

«ሰዓቱ ደርሷል ሐጂ፤ ያፍጥሩ» አላቸው ጥሩሰው።

ሐጂ ተምሩን አላዩትም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«መኪናዬ ውስጥ ተምር አለኝ። እዚያ አፈጥራለሁ።»

«ከቤቴ ወጥተው? መኪና ውስጥ?»

«ጉዳዬ ካልተፈጸመ የሰው እህል አልቀምስም ብያለሁ።»

«እርስዎ አላሉም፤ ጋሼ ገሠሠ ናቸው ያሉት!»

«ስለ ሦስታችንም ነው የተናገረው።»

ጥሩሰው ዘሎ በሩ ላይ ቆመ። «ሐጂ፣ ጾመኛ ሰው ደጄ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ሲያፈጥር? ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጎረቤትህ አሜሪካዊ ነው፤ ምንም አይልም» አለ አቶ ገሠሠ።

«እግዜርስ ምን ይላል!»

እኔም ተነሥቼ ጠጋ አልኩት። «ጥሩሰው፣ ግጥሙን ነግሬሃለሁ። ሽማግሌው ምን እንዳለ ታውቃለህ። እዚያ ከሚቀመጠው ሰው ሁሉ ዝናብ የጠበቀ ስንት አለ? ከዚህ በላይ የሚገባ ምን ቀረህ?»

በሩን ተደግፎ ዙሪያውን አየ። ሐጂ ምርኩዛቸው ላይ፣ ተምሩ ሳህን ላይ።

«እሺ» አለ። «እሺ አልኩ። ግን ቆሜ ነው የምሰማው። በሁዳዴ ወንበር ላይ ተንጋልዬ ዘፈን አልሰማም።»

«ቁም» አሉ ሐጂ፤ ተቀምጠውም ተምሩን ጎረሱ። እፎይ ስንል ከሁላችንም የበለጠ የቀለለው እሱ መሰለኝ። ስንወጣ መኪናው ድረስ ሸኘኝና፣ «እትዬ፣ እስቲ ያንን የዝናቡን ነገር ይድገሙልኝ» አለኝ። ደገምኩለት።

የሪሳይታሉ ቀን እንዳለው ቆመ። ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ፣ ነጠላውን አጣፍቶ። አስተናጋጇ ወንበር ብታሳየው፣ በእጁ ደረቱን ይዞ አመስግኖ እምቢ አላት። ቢታንያ ረጅም አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ፒያኖ የሚመታላት አንድ ቀጭን ልጅ ነው። መጀመሪያ ያደረገችው አዳራሹን በዓይኗ መፈተሽ ነበር፤ አባቷን ከግድግዳው ጋ ስታገኘው ትከሻዋ ወረደ፤ ከዚያ ዘፈነች።

ሌሎቹ ዘፈኖች ሲያልፉ ጥሩሰው እንደ ምሰሶ ነው። የዝናቡ ሲደርስ ዞር ብዬ እጄን አነሣሁለት። በመጀመሪያው ዜማ አንገቱን ደፋ። በሁለተኛው ቀና አለ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። በአማርኛ ከኋላዋ እየተከተላት ነበር።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጥሩሰው አላጨበጨበም። ልጅቷ ይህን አይታለች። ከአዳራሹ ስትወጣ አበባ የያዘውን ሁሉ እያለፈች ወደ እሱ መጣች።

«አባዬ፣ አልወደድከውም?»

«የመጀመሪያው ሙዚቀኛ ሰውየውን አያውቀውም» አላት።

«እንዴ?»

«የሚያለቅስ ሰው ለጎረቤቱ ዝናብ አይለምንም። ሁለተኛው ነው ያወቀው። ሰውየው ጠግቦ ነው የሚናገረው።»

«ኖ ዳዲ! እየከፋውም ሊሰጥ ይችላል እኮ! ያ ነው ትልቁ ነገር!»

«ከፍቶት ከሰጠማ፣ ለእሱም እንዲተርፍ ዝናቡን ቀስ ብለህ ውረድ አይለውም ነበር?»

«እሱማ ብሎታል! አትቸኩል ይላል፣ እማማ አልነገረችህም?»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ምን አውቄ! እንደተከራከሩ ወደ ፓርኪንጉ ወረዱ፤ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እሱ በጣቱ አየሩን እየወጋ። ሔለን አበባውን ተሸክማ ከኋላቸው ትስቃለች።

«አስታረቅን ብለን አጣላናቸው» አለ አቶ ገሠሠ።

መኪናቸው ጋ ሲደርሱ ጥሩሰው ቁልፉን አውጥቶ ቆመ። በሩን አልከፈተም።

«እስቲ የመጀመሪያውን ድገሚው» አላት። «ያለቀሰው የት ላይ እንደሆነ አሳዪኝ።»

«እዚህ? በሁዳዴ?»

«ድገሚው አልኩሽ።»

መኪናው ላይ ተደግፋ፣ ያለ ፒያኖ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረችለት። እሱም አጠገቧ ተደግፎ ጆሮውን አዘነበለ።