ከውስጥ የሚቀረቀር በር

ሰው ኮንቴይነር ውስጥ ይኖራል ወይ ብለው የሳቁብኝ ሁሉ መጥተው ይዩ! ባሌ ባንቲሁን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወደብ ላይ ተጥሎ የነበረ አሮጌ ኮንቴይነር አፈላልጎ ጅቡቲ ዋራበሌ ሰፈር አምጥቶ አስቀመጠልኝ። ያኔ የአዲስ አበባው ባቡር ሐዲድ እዚሁ ናጋድ ላይ ገና እየተዘረጋ ነበር። አልጋችን ቀን ቀን ግድግዳው ላይ ይታጠፋል። ከጣሪያው ከፍ አድርጌ ሰሌን ዘርግቼ፣ በመሃል ነፋስ እንዲያልፍ ክፍተት ትቼ፣ ያንን የጅቡቲ ሙቀት አደብ አስገዛሁት። ጠባብ ነው፤ ግን የኔ ነው።

ከዚያ በፊት ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት ተቀጥሬ እዚያው ነበር የማድረው። ማዳም በወጣች ቁጥር ቆልፋብኝ ትሄዳለች። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም የማይቆልፍብኝ ቤት።

በገባን ሰሞን ባንቲሁን ለጉዞ ማለዳ ተነሳ። እኔ ተኝቻለሁ። ሾፌር አይደል? ኮንቴይነር ክፍት ትቶ መሄድ አያውቅም። እጁ እንደለመደው ሁለቱን በሮች ገጥሞ፣ ብረቱን ከውጭ ቀርቅሮ፣ ሳብ አድርጎ አረጋግጦ መኪናውን ወደ ጋላፊ ድንበር ነዳው!

ነቅቼ በሩን ብገፋው ንቅንቅ አይልም። ከውስጥ መክፈቻ የለውማ! ፀሐይዋ መክረር ጀመረች፣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። የሙቀቱን ነገር ተዉት፤ ማዳም ቤት የተመለስኩ ነው የመሰለኝ። አፌን ከትንሿ መስኮት ፍርግርግ አስጠግቼ፣ “ሐዲጃ! ካሌይ! ካሌይ!” እያልኩ ጎረቤቴ እንድትመጣ በሶማሊኛ ጮህኩ። ሮጣ መጥታ ከፈተችልኝ።

“ባልሽን ጭነት መሰልሽው እንዴ?” ብላ ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ።

ባንቲሁን መንገድ ላይ ዲኪል ከተማ ሲደርስ ትዝ ብሎት ደወለ።

“ወይኔ አዱዬ! እጄን ይቁረጠው!”

“እጅህ ይቆይህ። ስትመለስ በያጅ ይዘህ ና።”

“ይቅርብን፣ ሌላ ቤት እንከራይ።”

“ከቤቴማ ማንም አያስወጣኝም!”

በያጁ ጎኑን ቆርጦ ሌላ በር አወጣልኝ፤ የድሮዎቹን በሮች በይዶ ደፈናቸው። መቀርቀሪያው በውስጥ ብቻ ይሁን፣ ከውጭ የቁልፍ ቀለበት እንኳ እንዳታደርግበት አልኩት።

“ስንወጣ ሌባ ቢገባስ?” አለ ባንቲሁን።

“ይግባ! እኔ ላይ ግን ማንም አይቆልፍም።”

በቀደም ከመንገድ ተመልሶ አንኳኳ።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“ጠብቅ!”

ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር። ቀስ ብዬ ጨረስኩ። ባንቲሁን በገዛ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ተነስቼ ከፈትኩለት።