ሻም ክላሽ እናቱን ሲቀብር

ጀውሃራ የራሷን መሞት የሰማችው ጠዋት ሱቋ ውስጥ ኮረሪማ ስትመዝን ነው። መርዶውን ያመጣችው ደግሞ ባዳ አይደለችም፣ የገዛ ታላቅ እህቷ ዐፊፋ ናት። ዐፊፋ ከጌጫ ማልዳ ተነስታ፣ ቴፒ ላይ መኪና ለውጣ፣ ሻሿን ወገቧ ላይ አስራ ሚዛን ከተማ ገባች። ከሚኒባሱ የወረደችው «እህቴን! ወይኔ እህቴን!» እያለች ነው። ከኋላዋ የጌጫ ጎረቤቶቿ ተከትለዋል፤ ከማሻ የመጡ ሁለት የሥጋ ዘመዶችም አሉ። ሁሉም እየጮኹ ወደ ሱቁ ሲቃረቡ ጀውሃራ መስፈሪያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞቶ ነው?»

ዐፊፋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። «አንቺ!» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ አቀፈቻት፣ ከዚያ ደረቷን መታቻት፣ ከዚያ ደግሞ መልሳ አቀፈቻት። ከማሻ ከመጡት አንዱ ሽማግሌ «አዑዙ ቢላህ!» እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሚዛን ደግሞ ጩኸት ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለባትም፤ መንገዱ ወዲያው ሞላ። ጎረቤቷ ጥሩነሽ ሻይ ቤቷን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለች ጥሩነሽ። «ቆማ ኮረሪማ ለምትመዝን ሴት ለቅሶ ይደረሳል?»

የነገሩ ባለቤት ሻሚል ነው፤ የጀውሃራ አንድ ልጅ። አባቱ አባመጫ የሞተው ልጁ ገና ፊደል ሳይቆጥር ነበር። ጀውሃራ ከዚያ ወዲህ ሌላ ባል ሳትመኝ፣ ከሸኮና ከቤንች ገበሬዎች ኮረሪማና ጥምዝ የመሰለ ቅመም እየገዛች፣ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እየጫነች አሳደገችው። አካውንቲንግ ይማር ብላ ሸገር ላከችው። እሱ ሆዬ ትምህርቱን ትቶ ራፐር ሆነ። ራፐር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የለየለት ወንበዴ ነኝ አለ። ስሙን «ሻም ክላሽ» ብሎ፣ አንገቱ ላይ የውሻ ሰንሰለት የሚያህል ነገር አስሮ፣ «ጥይት በጆንያ» የሚባል የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ።

በአልበሙ ላይ የሌለ ወንጀል የለም። ጫካ አድሯል፣ ቡና የጫነ መኪና አስቁሟል፣ ሰው ወግቷል፣ እስር ቤት ሰብሯል። የሚዛን ሰው ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። ሻሚል እኮ ነው! ዶሮ ሲታረድ ዓይኑን የሚሸፍነው፣ ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ሲጮህ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የሚገባው ሻሚል! ዩቲዩብ ላይ የሰፈሩ ልጆች «ክላሹን ስንት ተከራየኸው?» እያሉ ጻፉበት። አንዱማ የስምንተኛ ክፍል ፎቶውን አወጣና ለጠፈው፤ ሻሚል በሰልፍ ላይ አበባ ይዞ ቆሟል።

ይህ የሰፈሩ ነው። የአዲስ አበባው ደግሞ ባሰ። ባስልኤል የሚባል የሬዲዮ ሰው አለ፣ አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር እየበለተ የሚያወጣ፣ ምላሱ እንደ ዳጣ የሚያቃጥል። «ጥይት በጆንያ»ን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኪዶ ወቃው። «ይህ ልጅ ሽፍታ አይቶ አያውቅም፤ ፊልም ነው ያየው» አለ። «ድብደባው የተቀዳ፣ ስድቡ የተዋሰ፣ ክላሹ ላስቲክ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፎክር ሰማሁት፤ አንዴም አልፈራሁትም።» እንዲህ አፈር ካበላው በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስድስተኛዋ ዘፈን ብቻ ትትረፍ። «የእማዬ መቃብር» የምትለዋ። እዚያ ላይ ልጁ አንድ ጊዜ እውነት ተናግሯል። እናቱን ሚዛን ላይ ቀብሮ የመጣ ልጅ ነው፤ ይሰማል።» ብሎ ዘፈኗን ለቀቃት።

ዐፊፋ ይህን የሰማችው ጌጫ ገበያ፣ አንድ ባለሱቅ ሬዲዮ ላይ ነው። የያዘችውን እዚያው ጥላ ጮኸች። ሰዎች ይዘው ሊያረጋጓት ሞከሩ። «ጀውሃራማ ደህና ናት፤ ባለፈው ሳምንት ያያት ሰው አለ» ሲሏት ይብስ ገነፈለች። ደም ግፊት ስላለባት ደብቀዋት ነው! እናቷ ስትሞት ስንት ወር ደብቀዋት የለ? «ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው» እያሉ አባብለው አይደል ያን ጊዜስ ያረዷት? ሰው «ደህና ናት» ባላት ቁጥር የእህቷ መሞት እየተረጋገጠላት ሄደ። ስልክ መደወልማ ማን ሊያስብ! የሞተ ሰው ስልክ ላይ ማን ይደውላል? ያገኘችውን ዘመድ ሁሉ ሰብስባ ተነሳች።

ጀውሃራ ዘፈኗን አልሰማቻትም ነበር። አልበሙ የወጣ ዕለት በጥሩነሽ ስልክ የመጀመሪያዋን ሰምታ «ከዚህ አፍ ይሄ ሁሉ ስድብ? ይበቃኛል» ብላ ትታዋለች። አሁን ግን «ክፈቱልኝ» አለች። ጥሩነሽ እያመነታች ከፈተችላት።

«ሚዛን አፈር አልብሼሽ፣ ሸገር ላይ ክላሽ ያዝኩ፤
የሚያለቅስልኝ ስላጣሁ፣ ሌላ ማስለቀስ ጀመርኩ።»

ጀውሃራ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አልጮኸችም። ክላሹን ይቅር ብላው ነበር፤ ወንበዴነቱን «ልጅነት ነው፣ ያልፋል» ብላ ለሚስቁባት ሁሉ መልስ ስትሰጥ ከርማለች። ይሄ ግን አንጀቷን በጠሰው። ወላሂ፣ አባቱ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላመማትም። የአባቱ ሞት የአላህ ሥራ ነው፤ ይሄ የልጇ ነው።

«በቁሜ ቀበረኝ» አለች ቀስ ብላ።

የሆነው ሆኖ ለቅሶ የመጣ ሰው ጦሙን አይመለስም። ዝናቡም ወረደ፣ መኪናም አለቀ። ጀውሃራ ተነስታ ለራሷ ለቀስተኞች ጎደሬ ቀቀለች፣ ዳጣ አቀረበች፣ ሰሌን አነጠፈች። የከተማው ሰው ደግሞ ጉዱን ሊያይ ገባ ወጣ ሲል ዋለ። አንዳንዷ ፊት ለፊቷ «አልሃምዱሊላህ» ትልና ደጅ ወጥታ ትስቃለች። ጥሩነሽ አንዷን በጆሮዋ ሰማቻትና «ነይ እስኪ የሚያስቀውን ለኛም ንገሪን!» ብላ አዋረደቻት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻም ክላሽ ራሱ መጣ። ጥቁር መነጽር፣ ሰንሰለት፣ በዚህ ሁሉ ጭቃ ነጭ ጫማ። አክስቱንና የዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሰሌን ላይ ሲያይ ክው አለ። ዐፊፋ «ና፣ እናትህን እንቅበር፣ መጥተናል!» ብላ ስትነሳበት ጀውሃራ ክንዱን ይዛ ጥምዝ ወደሚከማችበት ጓዳ አስገባችው።

መነጽሩን ሲያወልቅ ያው የድሮው ልጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እማ፣ ይቅር በዪኝ። ዘፈን ነው። ዘፈን ላይ ሰው ይሞታል።»

«እኔን ነዋ የሞትኩት!»

«ሁሉም ሰደበኝ እማ። አይተሻል? በዚህ ሁሉ ስድብ መሀል የቀረችኝ ያቺ ዘፈን ብቻ ናት። በሷ ምክንያት ነው አሁን መድረክ የሰጡኝ። ባስልኤል ራሱ ዛሬ እየመጣ ነው፤ ስለሷ ትልቅ ፕሮግራም ሊሠራልኝ። አንድ ቀን ብቻ፣ ቴፒ ሂጂልኝ።»

«መጥቶ ምን ሊያይ?»

ሻሚል ጆንያውን በጣቱ መነካካት ጀመረ። «መቃብሩን።»

«የማንን መቃብር?»

ጀውሃራ ወዲያው ገባት። የአባመጫ መቃብር ላይ ድንጋይ እንጂ ስም የለበትም። ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ «እናቴ» ሊል ነው።

«አባትህንም ልትሰርቀው?» አለች። «የኔ አልበቃህም? እኔን ስትገድል እሱን ደግሞ ልታጠፋው?»

ሻሚል አለቀሰ። ከልቡ ነው፣ ሐሰት የለውም፤ ድሮም ለልቅሶ ቅርብ ልጅ ነው። እናት ደግሞ ሞኝ ናት። እጇን ጭንቅላቱ ላይ አደረገች።

«ስማኝ ሻሚል። የትም አልሄድም። ግን አላዋርድህም፤ እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም። ሰውዬው ሲመጣ ራስህ ንገረው። «ዋሽቻለሁ፣ እናቴ ይቺ ናት» በለው። ይህችን ብቻ በልልኝ፣ ከዚያ ክላሽም ሁን መድፍ ሁን፣ ጉዳዬ አይደለም። ይቅር ብያለሁ።»

«እሺ» አለ። መዳፏንም ሳመ።

እሺ ማለትማ ምን ገዶት! በልቡ ያሰበው ሌላ ነው፤ ባስልኤልን ከሆቴሉ ተቀብሎ በቀጥታ መቃብሩ ዘንድ ወስዶ፣ በዚያው ሊሸኘው። ያላወቀው ነገር ቢኖር ባስልኤል ምላሱ ዳጣ ይሁን እንጂ አሳዳጊ የበደለው ሰው አለመሆኑን ነው። ሐዘን ያለበት ከተማ ገብቶ፣ ቤቱን ሳይደርስ ሆቴል መግባት አለና? መናኸሪያ እንደወረደ አንዱን ባጃጅ «የሻም ክላሽ እናት ቤት» አለው። ባጃጁም ሳያመነታ አደረሰው።

ሻሚል ሊቀበለው ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ባስልኤል በሩ ላይ ቆሟል። ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ቆቡን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ቤት ሙሉ ሴቶች ሻሻቸውን አስረው ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ቤት ካልሆነ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጎንበስ አለና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ጥሩነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ልጃችሁን በሬዲዮ ክፉ ተናግሬዋለሁ» አለ ባስልኤል። «አልበሙን አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም። ያቺን ዘፈን ስሰማ ግን መኪናዬን ዳር አቁሜ አለቀስኩ። እኔም እናቴን የቀበርኩት በቅርቡ ነው። እንደሷ ያለ ልቅሶ በውሸት አይመጣም ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።»

ዓይኑ ጀውሃራ ላይ አረፈ፤ ወደ ሻሚል ዞረ፣ መልሶ አያት። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ የከንፈሩ ጠርዝ ሳይቀር ያው ነው።

«ሻሚል፣ እኚህ ማን ናቸው? ቁርጥ አንተን እኮ ናቸው።»

ቤቱ ሁሉ ወደ ሻሚል ዞረ። ጀውሃራ እንደ ቃሏ ዝም አለች። ዝም ብላ ግን ታየዋለች፤ በልጅነቱ አንድ እርምጃ ሊራመድ ሲንገዳገድ እጇን ዘርግታ እንደምታየው ነው የምታየው። በል። አንዲት ቃል ናት። በል ልጄ።

ሻሚል ከንፈሩን ላሰ።

«አክስቴ ናቸው» አለ። «የእናቴ እህት።»

ከተወለደ ጀምሮ እናቱን አንቱ ብሏት አያውቅም።

ዐፊፋ «አንተ ከይሲ!» ብላ ብድግ ስትል ጀውሃራ እጇን ጨብጣ አስቀመጠቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣውን ጓዳ ጨርሳዋለች።

«አዎ» አለች ለባስልኤል። «አክስቱ ነኝ።»

«እናቱ በቅርብ ነው እንዴ ያረፉት?» አለ ባስልኤል ግራ ተጋብቶ። «ለቅሶው ገና አልተነሳም።»

«አሁን ነው» አለች ጀውሃራ። «ዘፈኑ እውነት ነው፤ በሬዲዮም እንዳሉት ይበሉ። መቃብሩን ግን አያዩም። ያ የባሏ ነው፤ እሱን ይተዉት፣ ይረፍበት።»

ባስልኤል ወደ ሻሚል ዞረ። ሻሚል መነጽሩን አደረገ።

ጀውሃራ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ወገቧ ላይ አሰረች። ከሰሌኑ ላይ፣ ከሴቶቹ መሀል፣ የሐዘንተኛዋ ቦታ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ያኔ ዐፊፋ ከጌጫ ይዛው የመጣችውን ለቅሶ ለቀቀችው።