ከመሿለኪያው ማዶ ያለች ጎረቤት

በዚያ ቤት አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የወርቅአፈራሁ ስም ነበር። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ እማማ ነክታው ነው፤ ስልክ ቻርጅ ሳያደርግ ካደረ እማማ ሶኬቱን ነቅላው ነው። እርግጥ ክረምት መብረቅ ሲያጓራ የቤቱን ሶኬት እየዞረች ትነቅላለች፤ ይህን አትክድም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ነጭ ሣጥንና ከሥሯ የተቀመጠችውን ትንሿን ጥቁር ሣጥን ግን በመብረቅም ቢሆን ነክታ አታውቅም። ያም ሆኖ ያን ጠዋት የልጅ ልጇ ማክዳ የጥርስ ብሩሿን እንደ ጎረሰች ብቅ ብላ ያንኑ ጠየቀቻት።

"እማማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ገመዷን ነክተሻል?"

ወርቅአፈራሁ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጣቱ ሁሉ ጥፋት የሚመስላቸው ናቸው እነዚህ፣ አለች በሆዷ። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ ታኮርፍ ነበር። ያን ቀን ግን ለኩርፊያ የሚተርፍ ልብ አልነበራትም። ሓዳስ አልመለሰችላትምና።

ሓዳስ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤቷ ነበረች። ቤቶቻቸውን የለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ያውም አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ "ይማርሽ" የምትልበት ስስ ግድግዳ። ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረው ብቻቸውን ከቀሩ ወዲህ ልማድ አበጁ። ጠዋት ቀድማ የነቃችው ግድግዳውን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፤ ሌላዋ ትመልሳለች። አደርሽ ወይ፣ አዎን አድሬያለሁ እንደማለት ነው። ምክንያት አይጠይቅም፣ ወሬም አያስፈልገውም። መልሱ ከዘገየ ነጠላን ጣል አድርጎ መሮጥ ነው። ሓዳስ አንድ ጊዜ አልጋዋ ሥር ወድቃ የተረፈችው በዚሁ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ወርቅአፈራሁ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ማክዳ ከተከራየችው ቤት ገባች፤ ሓዳስን ዕጣዋ ከከተማው ጫፍ አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ ወስዶ ሰቀላት። መጀመሪያ በስልክ ሞከሩት። የሓዳስ ዓይን ፈዟል፣ እጇም ይንቀጠቀጣል፤ ስልኩን ለማንሣት ስትነካካ ትዘጋዋለች። ደግሞ ስልክ ሲደወል የሰው ልብ ይደነግጣል፤ ምን ተፈጠረ ያሰኛል። ማንኳኳት እንዲህ አይደለም። ወርቅአፈራሁ ያንን ግድግዳ አጣች። ጠዋት ጠዋት የማክዳን ግድግዳ ስታንኳኳ ከወዲያ የሚመልሰው የአከራዩ ወፍጮ ብቻ ነበር።

ማክዳ የምትሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ምሽት አሮጌ የቢሮ በር መጥሪያ፣ ሁለት ነጫጭ ሣጥኖች፣ በፌስታል ይዛ መጣች። ዘመን አልፎባቸዋል ተብለው ሊጣሉ ነበር። አንደኛዋን ሲያንኳኩ ሁለተኛዋ ታንኳኳለች። አያቷን አስቀምጣ አስረዳቻት። እነዚህ ሣጥኖች የሚያውቁት የድሮውን የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ነው። የዓለሙ ማሽን በዝቶ ያ አድራሻ ስላለቀ አዲስ፣ ረጅም አድራሻ ወጥቷል፤ ወደ ሓዳስ ሕንፃ የሚሄደው መስመር ደግሞ የሚያሳልፈው አዲሱን ብቻ ነው።

"ታዲያ አሮጌ ከሆኑ መቅረታቸው ነው በይኛ" አለች ወርቅአፈራሁ። ነገሩ ከሣጥኖቹ አልፎ እሷንም ነካ አድርጓታል።

"አይቀሩም። መሿለኪያ እሠራላቸዋለሁ።"

"መሿለኪያ የሚባለው ሰፈርማ ቂርቆስ ጋ አለ፤ ምን ያደርግልናል?"

ማክዳ ስቃ ስትጨርስ ጥቁሮቹን ትንንሽ ሣጥኖች አሳየቻት። አንዷ እዚህ፣ አንዷ ሓዳስ ቤት ትቀመጣለች። የዚህችኛዋ ሥራ ማንኳኳቱን ከነአሮጌ አድራሻው እንዳለ በአዲስ ፖስታ ጠቅልሎ፣ አዲሱን አድራሻ ከላይ ጽፎ መላክ ነው። መንገዱ ፖስታውን ያያል እንጂ ውስጡን አያይም። የዚያችኛዋ ደግሞ ፖስታውን ትቀድና ከውስጥ አሮጌውን አውጥታ ለነጯ ሣጥን ታስረክባለች።

ወርቅአፈራሁ ትንሽ አሰበችበት። ለሓዳስ ድርቆሽ ስትልክ እንደምታደርገው ነው። በፌስታል ጠቅልላ ለታክሲው ረዳት ትሰጠዋለች፤ ረዳቱ ሓዳስን አያውቃት፣ ድርቆሹንም አያየው፤ የተነገረውን ፌርማታ ብቻ ይዞ ይሄዳል።

"ልክ እንደሱ" አለች ማክዳ። "ብቻ ሁለቱም ጫፍ መንቃት አለበት። ተቀባይዋ ከተኛች የላክሽው መንገድ ላይ ይቀራል። ቀረብሽ ብሎ የሚነግርሽም የለም።"

ሠራላቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ወርቅአፈራሁ ነጯን ሣጥን በጣቷ አንጓ መታ መታ አደረገቻት፤ ትንሽ ቆይቶ ከሣጥኗ ውስጥ ያ የምታውቀው የሓዳስ ማንኳኳት፣ መጨረሻው ላይ ዘገም የሚለው፣ ተመለሰ። ሻሿን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጭስ ገባብኝ አለች። ጭስ የሚባል በቤቱ አልነበረም።

እንዲህ ክረምቱ ገባ። ወርቅአፈራሁም ባዶ እጇን አልተቀመጠችም። ለሓዳስ ቤት ድርብ ዳንቴል በኪሮሽ ሠርታ፣ ድልድዩ አጠገብ ሱቅ ባለው በሓዳስ የወንድም ልጅ በግደይ እጅ ላከችላት። ግደይ ዳንቴሉን አድርሶ ለዕቃ ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ።

ዝምታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጠዋት ወርቅአፈራሁ አንኳኳች፤ መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች። ማክዳ ጥያቄዋን የጠየቀችው ይሄኔ ነው። ገመዱ በቦታው መሆኑን ስታይ ግን ብሩሿን ከአፏ አውጥታ ላፕቶፕ ከፈተች። በዚህ በኩል ደህና ነው፤ ከወዲያ ግን የሚመልስ የለም አለች። ወደ ሓዳስ ስልክ ደወሉ፤ ዝግ ነው።

"ዝም ያለው መሿለኪያው ነው ወይስ ሓዳስ ናት?" አለች ወርቅአፈራሁ።

ከላፕቶፑ ላይ ይህን ማንበብ አይቻልም ነበር።

ከድልድዩ ታክሲ ያዙ። መንገዱን ሙሉ ወርቅአፈራሁ ረዳቱን ስለ ሂሳቡ መልስ ተናገረችው፣ ሹፌሩን ስለ ፍጥነቱ ተቆጣችው፣ አጠገቧ የተቀመጠውንም ሰው ጉልበቱን እንዲሰበስብ አዘዘችው። ማክዳ የአያቷን እጅ ያዘች።

ደረጃውን ወጥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ማክዳ መጥሪያውን ልትጫን ነበር፤ ወርቅአፈራሁ የማክዳን እጅ ገፋ አደረገችው። በሩን በጣቷ አንጓ፣ እንደ ድሮው ግድግዳ አንኳኳች። ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ከውስጥ፣ ከበሩ እንጨት ላይ፣ መጨረሻው ላይ ዘገም ያለ ማንኳኳት መለሰላት።

በሩ ሲከፈት ሓዳስ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

"ሞተሽ መስሎኝ ነበር" አለች። "ልቅሶሽ ልመጣ ለብሼ ታክሲው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።"

"አንቺን ሳልቀብርማ የትም አልሄድ" አለች ወርቅአፈራሁ፤ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ስልኩ ሶፋ ሥር ቻርጁ አልቆ ተገኘ። ማክዳ ወደ ጥቁሯ ሣጥን ሄደች። ሣጥኗ የለችም፤ በቦታዋ በወፍራም ዳንቴል ከላይ እስከ ታች የተሸፈነ ጉብታ አለ። ገልጣ ስትነካት እንደ ድስት ተኩሳለች። ትንፋሽ አጥታ፣ ግላ ጠፍታለች። ማን አለበሳት ብላ ጠየቀች።

"እኔ ነኝ" አለች ሓዳስ ፈጥና። "ራቁቷን ተቀምጣ አሳዘነችኝ። አሮጌ ጨርቅ ነው፣ ከየትም ያገኘሁት።"

ወርቅአፈራሁ ዳንቴሉን ከማክዳ እጅ ወሰደች። በእሷ አገር ክብር ያለው ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ሳይለብስ አያድርም። ጠርዙ ላይ ስትሠራው ዓይኗ ደክሞ የዳንቴሉን አበባ ያጣመመችበት ቦታ አለ። በጣቷ ዳሰሰችው። ሓዳስ አቀርቅራለች። ወርቅአፈራሁ ዝም ብትል የሚያጋልጣት አልነበረም።

"የኔ እጅ ሥራ ነው" አለች። "ለሣጥኗ ልብስ ይሁን ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ያነቅኋትም እኔው።"

ማክዳ አልሳቀችም። ሣጥኗን መስኮት ላይ አስቀምጣ እንድትቀዘቅዝ ተወቻትና መጥታ የአያቷን ጉልበት ሳመች። ስለ ጠዋቱ ጥያቄዋ ይቅርታ ጠየቀች። ገመዱን እንዳልነካሁ ግን ይመዝገብልኝ አለች ወርቅአፈራሁ። ዳንቴሉ ከሣጥኗ ሥር እንዲነጠፍ ተስማሙ። ቆይቶ ሣጥኗ መብራቷን አበራች።

ማክዳ ቦርሳዋን አንሥታ እንሂድ ስትል ወርቅአፈራሁ ሶፋው ላይ ከሓዳስ ጎን ተደላድላ ተቀምጣለች።

"የትም አልሄድ። አንቺ ስሚኝ። ዛሬ መንገዱን ሙሉ እሷን እየቀበርሁ ነው የመጣሁት። ግድግዳችን ሲፈርስ ቢያንስ መፍረሱን አይቻለሁ፤ ይሄ መሿለኪያ ግን ሲጠፋ እንኳ አይታይም። ሣጥኔ ላይ ሁለት መብራት አድርጊልኝ፤ አንዱ ለመንገዱ፣ አንዱ ለሓዳስ። መንገዱ ሲዘጋ አንቺን እጣራለሁ፤ ሓዳስ ዝም ስትል ነጠላዬን ይዤ እሮጣለሁ። አውጪ ያንን ላፕቶፕሽን፤ ይህን ሳትጀምሪ ማናችንም ከዚህ ቤት አንወጣም።"