ሰባት ወር ያልተነካው ቅጂ

ለመሆኑ ዛሬ ጠዋት የግፊቱን ኪኒን የዋጥኩት አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ? ስልኬ አንድ ሰዓት ላይ ጮኸ፤ ዋጥኩ። ሳህን ሳጥብ ደግሞ ጮኸ። ያኔ ልዋጥ አልዋጥ፣ እንጃ።

የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ግፊቴን ለካች፤ ደህና ነው። ከዚያ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።

ኪኒን የሚያስታውሰው ፕሮግራም የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። ማንም ገልብጦ እንዲጠቀምበት ፈቅደዋል። እሷም ገልብጣ ፊደሉን አተለቀችልኝ፤ በራሷ ድምፅ «እማማ፣ ሰዓትሽ ደርሷል» የሚል ጨመረችበት። ለጎረቤት አዛውንቶችም ሰጠች፤ ጡረተኛውን ልብስ ሰፊ ሳይቀር ስልካቸው «እማማ» ይላቸዋል። ባለቤቶቹ ዋናውን ባረሙ ቁጥር ግን እርማቱን ወደ ቅጂዋ ማምጣት የእሷ ፋንታ ነው።

«ሁለቴ መጮኹ ዋናው ላይ ከታረመ አምስት ወሩ» አለች።

«ታዲያ ለምን አላመጣሽውም?»

ብጠይቃትም መልሱን አላጣሁትም። ከሰባት ወር በፊት ከዋናው ጋር እኩል ላድርገው ብላ አንድ ቁልፍ ብትነካ፣ የራሷ ጭማሪ ሁሉ ጠፋ። እንደ አዲስ ስትሠራው ሰነበተች። ያኔ «በሞቴ፣ የሚሠራ ነገር አትንኪ» ያልኳት እኔው ነኝ።

«ድምፅሽ እንዳይጠፋብኝ ብቻ።»

«እማማ፣ እዚሁ ቤት ነኝ እኮ። አልሰለቸሽም?»

«አንቺ ትነዘንዣለሽ። ስልኩ ላይ ግን ጨዋ ነሽ።»

ሳቀች። አሁን ግን መጀመሪያ የራሷን ሥራ ለብቻው አስቀመጠች፤ ከዚያ እርማቶቹን ተራ በተራ አስገባች። አንድ ቦታ ላይ እሷም ባለቤቶቹም ያንኑ የፕሮግራም መስመር ለውጠውት ኖሮ፣ ማሽኑ የማንን ልያዝ ብሎ ቆመ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ። ዞራ አየችኝ።

«ንኪው» አልኳት።

ሰዓቱን ከእነሱ፣ ፊደሉን ከራሷ ወስዳ መስመሩን በእጇ ጻፈችው። አዲሱን በገመድ ስልኬ ላይ ጫነች። ሰዓት ሞልተን ጠበቅን። አንዴ ጮኸ፣ በእሷው ድምፅ። ደግሞ ጠበቅን፤ ዝም።

«የልብስ ሰፊውስ?» አልኳት። «እሳቸው የሚውጡት የስኳር ነው፤ ሁለቴ ቢውጡት ይጥላቸዋል። አዲሱን ይጫኑ የሚል መልእክት ሲመጣባቸው እምቢ ይላሉ። አይንኩት ያልኳቸውም እኔ ነኝ።»

ገመዱን ከስልኬ ነቀለች፤ ኮምፒውተሯን በብብቷ ያዘች፤ የጫማዋን ክር ሳታስር ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ወጣች።