አርባኛዋ መላሽ

አርባኛው መጠይቅ ውሸት ነው። ሠላሳ ዘጠኙን በር እያንኳኳሁ፣ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ፣ እየጠየቅኩ ሞላኋቸው። ለአርባኛው ግን ሰው አጣሁ፤ ስለዚህ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ወለል ላይ ተቀምጬ ራሴ ሞላሁት። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ያደረግኩት ነገር ምን እንደሚባልና ምን እንደሚያስከትል ጠንቅቄ አውቃለሁ።

ጥናቴ ብቻቸውን ስለሚኖሩ አረጋውያን ነው። አርባ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሠላሳ ጥያቄ። ትናንት ከስንት ሰው ጋር ተነጋገሩ? ቢታመሙ መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? ርዕሱን የመረጥኩት አንጀቴ ለአረጋውያን ስለሚራራ አይደለም። አረጋውያን ቀን ቀን ቤታቸው ይገኛሉ። በአንዱ ሴሚስተር መረጃ ሰብስቤ፣ በሚቀጥለው ጽፌ፣ ቶሎ መገላገል ነበር ሐሳቤ።

ቤቱን የተከራየሁት ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ክፍል፣ በግማሽ ግድግዳ የተከለለች ማድ ቤት፣ የሰው ልብስ የተሰጣበትን ገመድ የሚያሳይ መስኮት። ያደግኩት ሰባት ሰው በሚተነፍስበት ቤት ውስጥ፣ ከሁለት እህቶቼ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው። እኔ መሃል ነበርኩ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የራሴ ቁልፍ እንዲኖረኝ ስመኝ ኖሬ፣ ቁልፉ እጄ የገባ ቀን በሩን ቆልፌ እስኪበቃኝ ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን ፍራሹን ከግድግዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ መልሼ ወደ ግድግዳው ጎተትኩ። በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዣው ማጉረምረሙን ባቆመ ቁጥር ደንግጬ ቀና እንደምል አስተዋልኩ።

መስኮቱ ላይ አንሶላ በአራት ሚስማር መትቼ መጋረጃ ነው አልኩት። ከሁለቱ ካርቶኖች አንዱን ከፈትኩ፣ ሁለተኛውን ተውኩት። እናቴ ስድስት ሳህን አስይዛኝ ነበር። አምስቱ አሁንም በጋዜጣ እንደተጠቀለሉ ናቸው። ለአንድ ሰው አንድ ሳህን ይበቃዋል፤ አጥቦ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲውም ከቤቱ ብዙ አይለይም። ለእኛ በተሰጠን የማጥኛ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍኖ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን አጠገቤ ያለውን ልጅ እስክሪብቶ ጠየቅኩት። ማዳመጫውን አወለቀ፣ «ምን አልሽ?» አለኝ፣ እስክሪብቶውን ሰጠኝ፣ ማዳመጫውን መልሶ ደፈነ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁለት እስክሪብቶ ነው የምይዘው።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ስድስት ጊዜ ተባብለን መጨረሻ ላይ እሷው ጋ ይመለሳል።

«ጎረቤት ተዋወቅሽ?»

«አዎ።»

«ማንን?»

«ፊት ለፊቴ ያሉትን ሴትዮ።»

«እሰይ፣ ጎሽ። ሰላም በይልኝ።»

«እሺ።»

ፊት ለፊቴ ያሉት ሴትዮ ጡረታ የወጡ የስልክ አገናኝ ናቸው። ይህን የነገረኝ የሕንፃው ጥበቃ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው የነገሩኝ ነገር ቢኖር የሚከተለው ብቻ ነው። ለአርባኛው መጠይቅ ከእሳቸው የተመቸ ሰው አልነበረም፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከስድሳ በላይ የሆናቸው፣ ከበሬ አራት እርምጃ ላይ ያሉ። አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ወሬ ሳገናኝ ኖሬአለሁ» አሉኝ። «የራሴን ለማንም አላገናኝም።» ዘጉት።

ማስረከቢያው በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሌላ ሰው ፍለጋ ለመዞር ትዕግሥቱም እግሩም አልነበረኝም። ዕድሜ በሚለው ላይ ሰባ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ አድራሻ በሚለው ላይ የሴትየዋን በር። የቀረውን ከጭንቅላቴ ልፈበርክ ነበር፤ ግን መፈብረክ ማሰብ ይፈልጋል። ከዕድሜው በኋላ ያለውን እንዳለ የራሴን ሞላሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አማካሪዬን ተማሪዎቻቸው «አራት ነጥብ» ነው የምንላቸው። ጽሑፋችን ላይ የጎደለውን ነጥብ ሁሉ በቀይ ያከብቡታል፤ ደግሞም አንዴ ከተናገሩ ነገሩ አበቃ። ሰኞ ጠዋት አስጠሩኝ። መጠይቆቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተደርድረው አርባኛው ለብቻው ተቀምጧል።

«ሠላሳ ዘጠኙ ደህና ናቸው» አሉ። «ይቺ ሴትዮ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።»

«ምን አጎደልኩ?»

«ምንም አላጎደልሽም። እንደውም ከሁሉ የተሻለው ይሄ ነው። ብትታመም መጀመሪያ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ስትጠይቂያት ምን እንዳለችሽ ታስታውሻለሽ?»

«ብዙ ሰው ነው ያነጋገርኩት፣ ዶክተር።»

«‹ቤተ መጻሕፍቱ› ነው ያለችሽ። ‹የተዋስኩት መጽሐፍ ቀኑ ሲያልፍ ይደውሉልኛል።›» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «በዚህ ዕድሜዋ ታነባለች። እናቴን አስታወሰችኝ።»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንገቴን ነቀነቅኩ።

«የብቸኝነት ውጤቷ ሃያ ስድስት ነው» ብለው ቀጠሉ። «ከሃያ በላይ ያመጣ ሰው ሲገኝ ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ማሳወቅ ግዴታችን ነው፤ ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት የፈረምሽበት ደንብ ነው። አሳውቄአለሁ። ባለሙያዋ ሐሙስ ጠዋት ቤቷ ሄዳ ታያታለች።»

«እኔ ሄጄ ባያቸውስ? ስለሚያውቁኝ…»

«አንቺ ተማሪ ነሽ» አሉኝ። አበቃ።

ደረጃውን ስወርድ የሚመጣውን አሰላሁ። ሐሙስ ባለሙያዋ በሩን ስታንኳኳ ስልክ አገናኟ «እኔ ማንንም አላነጋገርኩም» ይላሉ። መረጃ የፈበረከ ተማሪ ደግሞ ይባረራል፤ መካሪም አማላጅም አያድነውም። ሻንጣዬን ይዤ እዚያ ሰባት ሰው የሚተነፍስበት ቤት ስገባ ታየኝ፤ ሁሉም ምን ሆነሽ ሲሉኝ፣ እኔ መልስ ሳጣ። ሁለት ቀን ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ እውነቱን መናገር አልነበረም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አራቱን እርምጃ ተራምጄ አንኳኳሁ።

«ዛሬም መጠይቅ ነው?» አሉ በበሩ ክፍተት።

«አይደለም እትዬ። ዛሬ ልመና ነው።»

«ልመና ከሆነ ግቢ።»

ቤታቸው በስፋት ከእኔ አይበልጥም፤ ግን የተኖረበት ቤት ነው። ወንበሩ ላይ የተከመረውን የታጠፈ ልብስ አንስተው አልጋው ላይ አኖሩና ተቀመጪ አሉኝ። ሳላንዛዛ ነገርኳቸው፤ ስለ አርባኛው፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ባለሙያዋ። የመጠይቁን ቅጂም ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ።

«ሰባ አንድ? ስድሳ ስምንት ነኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«‹ከቤተሰብ ውጭ ስንት ወዳጅ አለዎት?› ‹የለኝም።›» ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «በሦስት ዓመት አስረጀሽኝ፣ ያ አልበቃሽ ብሎ ወዳጅ ነሳሽኝ። እኔ በቀን ለአራት ሰው ነው የምደውለው፤ ከእህቴ ጋር መጨቃጨቁ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«ከየት ታውቂያለሽ?» ቀጠሉ፤ አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት። «‹ትናንት ከስንት ሰው ጋር ተነጋገሩ?› ‹ከአንድ። ባለሱቁ ፌስታል ልስጥሽ ወይ አለኝ፣ አያስፈልግም አልኩት።›» ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ተውት። የቀረውን ለራሳቸው አነበቡት። ስሞላው ሃያ ደቂቃ ያልፈጀብኝ ወረቀት እሳቸው እጅ ላይ መቼ እንደሚያልቅ ጨነቀኝ።

«ይቺ ሴትዮ ማናት?»

«ፈጥሬያት ነው።»

«ተይ እንጂ። ስልክ ላይ ሰው ሲዋሽ ይለይልኛል፤ ሲዋሽ ያበዛል። ይቺ ምንም አላበዛችም።» ወረቀቱን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ደግሞ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ‹ማንም አይጠይቀኝም› አትልም። ‹ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸው ነው› ነው የምትለው። እንዲህ ደረቁን የሚናገር ልጅ ነው።»

ለወሬ አልመጣሁም። «እትዬ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለሙያዋ ስትመጣ አዎ እኔ ነኝ ቢሉልኝ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ናት።»

«እሺ ልበል እንበል። መጣች፣ አጽናናችኝ፣ ሄደች። አንቺስ?»

«እኔማ ትምህርቴን እጨርሳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጨረስኩ።»

«አልልም» አሉ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «የእኔ ያልሆነ መስመር አላነሳም። ነገ ሄደሽ ለሰውዬው ንገሪው።»

ልከራከራቸው አፌን ስከፍት ስልካቸው ጠራ። እህታቸው ናቸው መሰለኝ፤ «አልኩሽ እኮ፣ አልኩሽ እኮ» እያሉ ገና ከመጀመሪያው ጭቅጭቁን ያዙት። ሲጨርሱ አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጭቅጭቁ ወደ ሳቅ ዞረ፣ ከሳቅ ወደ ሌላ ወሬ። ወረቀቱን ከጭናቸው ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው በእጃቸው አሰናበቱኝ።

ቤቴ ገብቼ ማቀዝቀዣውን ስሰማ አመሸሁ ማለት እችል ነበር፤ ግን አላመሸሁም። ራቴን በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩ፣ ተኛሁ። የምወስነው ነገር አልቀረም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አማካሪዬ ቢሮ ገብቼ፣ ወንበር ሳይሰጡኝ፣ «አርባኛዋ ሴትዮ የሉም» አልኩ።

«ሞተች?» ብለው ብድግ አሉ።

«አልሞቱም። ከመጀመሪያውም አልነበሩም። እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ። ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደኑ፣ ከፈቱ፣ ከደኑ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ሌሎቹስ?»

«ሠላሳ ዘጠኙ እውነት ናቸው።»

«አምንሻለሁ። የእኔ ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም።» ኮምፒውተራቸውን እያዩ ነው የሚናገሩት። «ለኮሚቴው እጽፋለሁ። ራስሽ መጥተሽ ስለተናገርሽ አያባርሩሽም። ሴሚስተሩ ግን ሄዷል። አርባውንም ከአንድ ትጀምሪያለሽ። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አብራሽ ትዞራለች።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ስታንኳኪ አጠገብሽ ትቆማለች። ስትጠይቂ ትሰማለች።»

«ከዚያስ?»

«ትፈርማለች።»

ስድስት ወር። ቶሎ እገላገላለሁ ብዬ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብዬ፣ ስድስት ወር። በራሴ ላይ ደሜ ፈላ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ ልወጣ ስል እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ነገር ብቻ። መልሶቹን ከየት አመጣሻቸው?»

ከጭንቅላቴ ማለት ይቻል ነበር። ከሌሎቹ ቀላቅዬ ማለትም ይቻል ነበር። ጥፋቱ ያው ነው፣ ቅጣቱም ያው ነው፤ በየትኛውም መልስ አንድ ቀን አይጨመርም አይቀነስም።

«የራሴ ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ከዕድሜው በቀር።»

አራት ነጥብ ወረቀቱን ሳቡና የመጀመሪያውን ገጽ እንደገና ማንበብ ጀመሩ። ትናንት በሰው ዓይን ስር ተነብቦብኛል፣ ዛሬ ደግሞ ሊነበብብኝ ነው፤ ቆሞ ማየት አልፈለግኩም። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ግን ማንበቡን ትተው ቀና አሉ።

«የሐሙሱን ቀጠሮ እስካሁን አልሰረዝኩትም» አሉ። «ልሰርዘው?»

ለባለሙያዋ የማቀርብላት ወንበር የለኝም። የምትቀመጠው ካርቶኑ ላይ ይሆናል፣ ወይ ፍራሹ ላይ። ምን እንደምላት አላውቅም፤ ሠላሳውን ጥያቄ በቃሌ ስለማውቃቸው ጥሩ መላሽ አልሆንላትም። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየሳቁ አለፉ። እስኪያልፉ ጠበቅኩ።

«አይሰርዙት» አልኩ።

አድራሻዬን ሊጽፉ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ። ነገርኳቸው፤ አንዴ ጽፈው ሰረዙ፣ እንደገና ጻፉ። ሌላ የሚሉኝ እንዳለ ለማየት አልቆየሁም። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።