ሁለተኛው ቋጠሮ

የማሠለጥናቸው አራት ጀማሪ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አንዲት ሴት ትታያቸዋለች። አራቱም የሚያዩት እሷኑ ነው። ትርንጎ ትባላለች፤ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

ሥልጠናው ቀላል ነው። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በትንሿ የመማሪያ ክፍል እንቀመጣለን። ትንፋሻቸውን ያረጋጋሉ፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳባቸው ይሠሩታል። ሐሳባቸው ከሸሸ መልሰው ያመጡትና ካቋረጡበት ይቀጥላሉ። በሐሳቡ ያልጨረሰ ምላጭ አይጨብጥም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እንቅርት ማውጣትን የጀመርን ዕለት፣ በሽተኛዋ ምን እንደምትመስል ጠየቅኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው» አለ ያብስራ። «አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አለ።»

«መሐለኛው ተቆርጧል» አለች ኬብሮን። «እኔማ መጀመሪያ የታየኝ ቁርሴ ነበር። እሷ ናት ገፍታው የመጣችው።»

ሳቁ። ዓይናቸውን ግን አልገለጡም። ያን መስመር የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስሰፋው ጫፎቹን ለማጋጠም ብዙ ደክሜበታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አራቱም አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። በእንቅርቱ አናት ያለው ትልቁ የደም ሥር ሁለት ጊዜ ይታሰራል። አንደኛውን ቋጠሮ ያስራሉ፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ትርንጎ እጃቸውን ትይዛለች።

«ምን ትላለች?»

«ሐኪሟ ያኔ ወዴት ነበር ያየችው? ጠይቁልኝ ትላለች።»

ሐሙስ ያብስራ የመጀመሪያውን እንቅርት ሊያወጣ ነበር። የምትጠብቀው በሽተኛ የሦስት ልጆች እናት ናት። እሱ ካልገባ ቀጠሮዋ በአራት ወር ይገፋል፤ እንቅርቱ ደግሞ ትንፋሿን መዝጋት ጀምሯል። የዚያን ቀን ጠዋትም ሁለተኛው ቋጠሮ ላይ ቆመ።

«የደም ሥሩ ስስ ነበር በላት» አልኩት። ፋይሏ ላይ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው።

ያብስራ ነገራት። ዓይኑን ሲገልጥ ሁለቱም እጆቹ እስከ አንጓቸው በደም ርሰዋል። ወደ ቧንቧው ሄዶ ታጠበ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አላመነችም» አለ። «ሰዓቱ እየሄደ ነው ዶክተር። ምን ልበላት?»

«በሩን አየሁ» አልኩ። «የውጭ ትምህርት ዕድል ያገኙ ሰዎች ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ስሜ እንዳለበት ነገረኝ። ቀና ብዬ ስንተኛ እንደወጣሁ ጠየቅኩት። እጄ ሥራውን ቀጠለ፤ ሁለተኛውን ቋጠሮ ማሰሬን ግን አላየሁም። ከሰዓት በኋላ አንገቷ ውስጥ ደማች። ስደርስ አልቋል። ለባሏ የደም ሥሯ ስስ ነበር አልኩት። እሱም አመሰገነኝ።»

 ኬብሮን፣ ዓይኗ እንደተጨፈነ፣ «ስንተኛ ወጡ?» አለች።

«አንደኛ።»

«ለቀቀችኝ» አለ ያብስራ። ጣቶቹ ባዶው አየር ላይ ሁለተኛውን ቋጠሮ አሰሩ። እስከ መጨረሻው ሠራ፤ ሰፋ፤ ዓይኑን ገለጠ። እጆቹ ንጹሕ ነበሩ። ተነሥቶ በሕይወት ወዳለችው በሽተኛ ሄደ።

ሦስቱ አልተነሡም።

«በሉ ዓይናችሁን ግለጡ» አልኩ። «አበቃ።»

«አላበቃም ዶክተር» አለች ኬብሮን። «እየነቃች ነው።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ቀና አለች። አሁን ከጠረጴዛው ወረደች።»

የሦስቱም ፊት፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ፣ አንድ ላይ ቀስ እያለ ዞረ። ሰሌዳውን አለፈ፤ መስኮቱን አለፈ፤ ወደ እኔ መጣና ቆመ። ከዚያ ሦስቱም አገጫቸውን በጥቂቱ ዝቅ አደረጉ፤ አንድ ሰው አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደሚመለከቱ ሁሉ።